ለአሳ የቆረስኩት ዳቦ

እኛ ቤት እህል መሬት ከወደቀ ተነስቶ ይሳማል። ቁራሽ ዳቦም ይሁን የእንጀራ ፍርፋሪ፣ አባቴ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል፣ ከንፈሩን ያስነካዋል፣ ከዚያ ይበላዋል። ከመካነ ሰላም ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ደጋ ላይ ገብስና ባቄላ ሲያርስ የኖረ ሰው ነበር። እኔም ሲስም እያየሁ አደግሁ፤ ስሜም በላሁ። ይህን ማስቀደሜ፣ በኋላ ስለ ራሴ የምናገረውን የሚያነብ ሰው ሳያውቅ አጠፋ ብሎ እንዳያዝንልኝ ነው።

ስምንተኛ ክፍልን መካነ ሰላም ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ደሴ ወረድኩ፤ ከደሴ አሥመራ፣ ከአሥመራ ምጽዋ። ዋና የማላውቅ ደገኛ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የማውቀው ትልቅ ውሃ ክረምት ላይ መንገደኛ የሚያግድ ወንዝ ብቻ ነው። ምጽዋ ላይ ጀልባ ያለው አንድ ጣሊያናዊ ቀጠረኝ። የውጭ አገር እንግዶችን ወደ ዳህላክ ደሴቶች እየወሰደ ባሕር ውስጥ ያስጎበኛል፤ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሊከለል ነው ይባል ነበር። መጀመሪያ ጀልባ አጠብኩ፤ ቀጥሎ ዋና ተማርኩ። በሁለተኛው ዓመት አየር የታመቀበትን ብረት በጀርባዬ አዝዬ፣ አየሩ የሚመጣበትን ጎማ በጥርሴ ነክሼ፣ ፈረንጆችን እየመራሁ የምጠልቅ ሰው ሆንኩ። ኩራቴን እንዴት ልንገራችሁ? ከአገሬ ሰው እዚያ የደረሰ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እንግዶችን የምንወስድባቸው ቦታዎች ሦስት ነበሩ። አንደኛው የኮራል ሜዳ ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕይወት አለው፣ ያድጋል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። በቅርንጫፎቹ መካከል ቢጫና ሰማያዊ አሳዎች እንደ ቅዳሜ ገበያተኛ ይተላለፋሉ። አፉ የበቀቀን አፍ የሚመስል አሳ አለ፤ ኮራሉን ሲቆረጥም ድምፁ በውሃው ውስጥ ይሰማል፣ በቅሎ ገብስ ስትቆረጥም እንደሚሰማው። ሁለተኛው ቦታ የባሕር ሣር የበቀለበት ጥልቀት የሌለው ሜዳ ነው። እዚያ የባሕር ላም የሚሏት ግዙፍ እንስሳ ትመጣለች። ሣሩን ትግጣለች፣ ለመተንፈስ ወደ ላይ ብቅ ትላለች፣ ተመልሳ ወደ ግጦሿ ትወርዳለች። ኤሊዎችም አብረዋት ይግጣሉ። እንግዶች እሷን ያዩ ዕለት ጀልባ ላይ ተመልሰው እንኳ ብዙ አያወሩም።

ሦስተኛው በጦርነት ጊዜ የሰመጠ መርከብ ነው። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ከንፈሩ የወፈረ፣ ቡናማ አሳ ይኖራል። ጣሊያናዊው ይህን አሳ ዳቦ አስለምዶታል። ከእንግዶች ምሳ የተረፈውን ዳቦ በከረጢት ይዤ እወርዳለሁ፤ በሁለት ጣቴ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየቆረስኩ፣ እጄን አብሮ እንዳይነክሰኝ ክንዴን ዘርግቼ አቀርብለታለሁ። ትልቁ ሲጎርስ ፍርፋሪውን ለመሻማት መቶ ትንንሽ አሳ ይከበኛል። እንግዶች ከዚህ የበለጠ የሚወዱት ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን እምቢ ብዬ ነበር። እህል ወደ ውሃ አይጣልም አልኩት፤ ጣሊያናዊው ሳቀ። ስለዚህ ከመጥለቄ በፊት ጀልባው ላይ ዳቦውን እስመው ጀመር፤ ውሃ ውስጥ አፌ ጎማ ስለሚነክስ አይቻልም። አንድ ወር ያህል ሳምኩ። ከዚያ አንድ ቀን ረሳሁ፤ ከዚያ ወዲያ መርሳቴንም ረሳሁ።

አብዮቱ ሊፈነዳ ወራት ሲቀሩት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከአባቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። አባቴ መጻፍ ስለማይችል እሱ ተናግሮ የነፍስ አባታችን ነበሩ የጻፉት። እንደ አገራችን ደብዳቤ ሁሉ ጀመረ፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ፣ እኛ ከናፍቆትህ በቀር በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ቀጥሎ በልጉ ዘንድሮም አልሰመረም ይላል። ላሚቱ አርፋለች። እህትህ እትዬ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከእኛ ጋር ናት። በመጨረሻ ደግሞ፣ ቢቻልህ ለመስቀል ብትመጣ መልካም ነው፣ ካልተቻለህም መልስህን በመካነ ሰላሙ ነጋዴ በኩል ላክልን።

የእኛ አገር ገበሬ ራበኝ ብሎ አይጽፍም። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ከሚወጣ ሞቱን ይመርጣል። ላሚቱ አርፋለች ካለ፣ ወተቱም እበቱም ጥጃውም አልቋል ማለት ነው። ብትመጣ መልካም ነው ካለ፣ ድረስልን ማለት ነው። ይህን ለመረዳት የደጋ ልጅ መሆን ይበቃል፤ እኔ ደግሞ ነበርኩ። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ከደብዳቤው ሁሉ መርጬ የያዝኩት ደህና ነን የምትለዋን ነበር።

ምክንያት ነበረኝ። ጥቅምት ላይ ውሃ ውስጥ ፎቶ የሚያነሱ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። ጣሊያናዊው አሳውን ስትመግብ ያነሱሃል ብሎኛል። ከሄድኩ ቦታዬን ሌላው ጠላቂ ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁ። መልሱንም አልጻፍኩም፤ ፎቶው ሲደርሰኝ አብሬ እልከዋለሁ፣ አባቴ ልጁ የደረሰበትን በዓይኑ ይየው አልኩ። በዚህ መልክ ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም አለፈ።

እንግዶቹ መጡ። ፎቶ የምታነሳው ሴት ጀልባው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ወሎ የሚባል አገር ሰው በረሃብ እያለቀ ነው ሲባል ሰማሁ፣ አንተ ከየት ነህ አለችኝ። ከሸዋ አልኳት። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ጥያቄዋ ግን ዳቦ የያዘውን ከረጢት ከጉልበቴ ሥር ወደ ኋላ አስገፋኝ። ከዚያ ወረድን፣ ቆረስኩ፣ አነሳችኝ።

ፎቶው ታኅሣሥ ላይ በፖስታ ደረሰ። ጥቁርና ነጭ ነው። መነጽር አጥልቄ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ በጣቴ ጫፍ የሆነ ነገር ይዤ፣ ከፊቴ ያ ግዙፍ አፍ ተከፍቷል። እንዲያው ቆንጆ ፎቶ ነው። ለገና ራሴ ይዤው ልሂድ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ከአሥመራም አንድ ከረጢት ዳቦ ገዛሁ።

የደሴን መንገድ ያን ጊዜ የሄደ ሰው ምን እንዳየ ያውቃል። ከአላማጣ ወዲህ ሰው በመንገዱ ዳርና ዳር ተቀምጦ ነበር፤ መቆም የሚችለው እጁን ይዘረጋል። አውቶቡሱ አንድ ቦታ ሲቆም በመስኮቱ ዳቦ መስጠት ጀመርኩ። ለሦስተኛው ሰው ስሰጥ እጄን አየሁት። በሁለት ጣቴ ጫፍ፣ ትንሽ ቆርሼ፣ ክንዴን ዘርግቼ። ለአሳው እንደምሰጠው ነበር የምሰጣቸው። መስኮቱን ዘጋሁ፤ የቀረውን ዳቦ ለቤት ነው ብዬ አቅፌ ተቀመጥኩ።

ከደሴ በጭነት መኪና አቀስታ፣ ከአቀስታ በእግርና በሰው በቅሎ መካነ ሰላም ገባሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ነጋዴውን ነው፤ ደብዳቤያችን በእሱ ሱቅ የሚያልፈው ሙስሊም ሽማግሌ። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነስቶ አቀፈኝ፣ ቶሎም አለቀቀኝም። አባቴ ከመስቀል ጀምሮ በየቅዳሜው እየመጣ መልስ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቅ እንደነበር፣ እሱም አብሽሩ፣ የሚመጣው ቅዳሜ አይቀርም እያለ ይሸኘው እንደነበር ነገረኝ።

«ወላሂ አንድ ቅዳሜ አልቀሩም» አለኝ። «የመጨረሻዋን ለታ እዚህ እደሩ ብላቸው፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል ብለው ተነሡ። መንገድ ላይ ነው ያገኟቸው። አላህ ያጽናህ።»

አባቴ ከሞተ አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። ስድስት ሰዓት ደርሶ መልስ፣ ባዶ ሆድ፣ ለአንድ ወረቀት። ወረቀቱ ደግሞ ፎቶ እየጠበቀ ነበር።

ቤት ስደርስ እትዬ ደጅ ላይ ነበረች። እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከስታ ስለነበር መጀመሪያ በድምጿ ነው ያወቅኋት። አለቀስን። ከዚያ ከረጢቱን ፈትቼ ለሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ዳቦ ቆረስኩላቸው። ባዶ ሆድ እንዳይጎዳቸው ትንሽ ትንሽ አድርገህ ስጥ አለችኝ፤ ሰጠሁ። እሷ የልጆቿን አፍ ሳይሆን የእኔን እጅ ስታይ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ነገሬ አላልኩትም።

ፎቶውን እኔ አላወጣሁትም። ልብሴን ልታሰጣ ሻንጣዬን ስትከፍት አገኘችው። ወደ ብርሃን ይዛው ወጥታ ብዙ አየችው። እኔ መሆኔን በግንባሬ አወቀች። ስለ አሳው ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ ጣቷን ፎቶው ውስጥ ባለው እጄ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ የያዝካትሳ?»

«ድንጋይ ናት» አልኩ።

ጣቷን ከፎቶው አነሳች። ከዚያ፣ «አይ ወንድሜ፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ያስለቅሙህ ኖሯል?» ብላ ፎቶውን በነጠላዋ ጠረገችው። በነጋታው ከአባቴ አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ በሙጫ ለጠፈችው። ለልቅሶ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፊት ወንድሜ ያልመጣው እንዲህ ያለ ግዞት ላይ ሆኖ ነው እያለች ታሳየዋለች። ሰዎቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ለእኔም ያለቅሳሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ፤ ሐዘን ይመስላቸዋል።

ወደ ምጽዋ አልተመለስኩም። አብዮቱ ፈነዳ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ተማሪ ዘማቾች አገራችን ገቡ። አንዱ እኛ ቤት ገብቶ ፎቶውን ሲያይ ታሪኩን ከእትዬ ሰማ። በስብሰባው ቀን ፎቶውን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ፤ ይህ የገበሬ ልጅ ለባዕዳን መዝናኛ ከባሕር ወለል ድንጋይ ሲያነሳ የኖረ ጭቁን ነው አለ። ተጨበጨበልኝ። ወዲያው የእርዳታ እህል አከፋፋይ ኮሚቴ ውስጥ አስመረጡኝ። ተነስቼ ዳቦ ነው ማለት እችል ነበር። አላልኩም፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የአገሬን ሰው አሰልፌ ስንዴ ሰፈርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ንጋት ብዙ ዓመት ፈጀ። እትዬ አርጅታ መካነ ሰላም ከተማ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር፤ ፎቶውም አብሯት ተዛውሯል፣ አሁን መስታወት ገብቶለታል። አንድ የመስቀል ዕለት ልጠይቃት ሄጄ ድፎ ዳቦ ትቆርስልኛለች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ቁራሹ ወደቀ። ጎንበስ ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አነሳችው፣ ሳመችው፣ በላችው። አባቴን አየሁት። ከዚያ በላይ ልቋቋመው አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ያን ለታ የያዝኩት ድንጋይ አልነበረም።»

አላምጣ እስክትውጥ ጠበቅሁ።

«ዳቦ ነዋ» አለችኝ። «ለልጆቼ ስትቆርስላቸው እንደዚያው አድርገህ ነበር የያዝከው። ደግሞ የራበው ሰው ዳቦ ይስታል?»

ታዲያ ለምን ለሰው ሁሉ ድንጋይ እያልሽ ኖርሽ አልኳት። አባቱ በረሃብ ሲሞት አሳ ሲቀልብ ነበር ብለው እንዲያሙህ ነው ወይ አለችኝ፤ ሰው እንዲፈርድብህ አሳልፌ ልሰጥህ ነው? ንግግሯ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ለዓመታት ስታስብልኝ የኖረችውን ይቅርታ ጨመረችልኝ።

«ጥፋቱ የኛም ነው» አለች። «ደህና ነን ብለን ጻፍንልህ። አንተ እዚያ ሆነህ በምን ታውቃለህ?»

ዳቦውን ተቀብዬ ጎረስኩ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። በምን ታውቃለህ ስትለኝ ዝም አልኩ፤ እሷም ከሁለት ዓመት በኋላ እንደዚያው እንዳመነችኝ አረፈች። አውቅ ነበር፣ እትዬ።