የነጠቅኳት ሁለተኛ ኳስ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ብሉር ጎዳና ላይ ካለች አንዲት ምግብ ቤት ምሳ እየበላን ነበር። ከባንኮኒው በላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የካናዳ ፉትቦል ይተላለፋል፤ እኛ አገር ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየው፣ እንቁላል የምትመስል ኳስ በእጅ እየወረወሩ የሚላተሙበት ጨዋታ። ገና የመጀመሪያ ዓመቱ የሆነ አንድ ኮርነርባክ ኳስ ነጠቀና ሕዝቡ ተነሥቶ ጮኸ። «ይሄ ልጅ ሲዝኑን አሪፍ ጀምሯል» አለ ጓደኛዬ ሰለሞን፣ ጥብሱን ወደ እኔ እየገፋ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ፓርኪንጌን ልይ ብዬ ወጣሁ። ፓርኪንጉ ገና ብዙ ጊዜ ነበረው።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ስካርቦሮ እየኖርኩ፣ በሁለት አውቶቡስና በባቡር ዩኒቨርሲቲ እመላለሳለሁ። የአጭር ርቀት ሯጭ ነበርኩ። አንድ ቀን የፉትቦሉ አሠልጣኝ ልምምዴን ቆሞ አየና «ወደ ፊት ስትሮጥ አይቼሃለሁ፤ ወደ ኋላስ ትሮጣለህ?» አለኝ። ኮርነርባክ የሆንኩት በዚያች ጥያቄ ነው።

ኮርነርባክ ሜዳው ዳር ቆሞ የባላጋራውን ኳስ ተቀባይ የሚጠብቅ ተጫዋች ነው። ተቀባዩ የት እንደሚሄድ ያውቃል፤ አንተ አታውቅም። ፊትህን ወደ እሱ አድርገህ የኋሊት እየሮጥክ መገመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ዕረፍት የሚነሳ ግን አላጋጠመኝም።

የቦታው ባለቤት ማርከስ ነበር፤ የመጨረሻ ዓመቱን የሚጫወት፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ። ሲዝኑ ሊጀመር ሲል የጭኑ ጡንቻ ተጎዳና እኔ ተተካሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሱ ግን ከልምምድ በኋላ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ከሚሸጠው ትኩስ፣ ሳምቡሳ የመሰለ የሥጋ ፓቲ ሁለት ይገዛና፣ አፋችንን እያቃጠለን፣ ያስተምረኛል።

«ስማ ሩኪ» ይለኛል፣ ጀማሪ ማለቱ ነው፤ «ዓይኑን አትይ፤ ዓይን ይዋሻል። ትከሻም ይዋሻል። ወገቡን እይ። ወገቡን ጥሎት የትም አይሄድም።»

በመጀመሪያው ጨዋታ ተቀባዩ እርጥብ ሣር ላይ ተንሸራተተና ኳሷ ቀጥታ ደረቴ ላይ መጣች፤ ያዝኳት። ዕድል ነበር፤ ማንም ግን ዕድል ነው አላለኝም። በሁለተኛው ጨዋታ፣ ልክ ኳሷ ልትነሳ ስትል፣ ከተጠባባቂዎቹ መካከል የማርከስን ድምፅ ሰማሁ። «ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ ይቆርጣል!» ሳላስብ ወደ ውስጥ ዘለልኩ። ኳሷ እጄ ውስጥ ነበረች። ከፊቴ ማንም ስላልነበረ እስከ ሜዳው ጫፍ ሮጥኩ።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አሠልጣኙ ሁሉም እየሰማ «እንዴት አወቅክ?» አለኝ።

«ወገቡን አይቼ» አልኩ።

ማርከስ ጥግ ላይ ጭኑን በበረዶ እያሰረ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ወደ በረዶው ተመለሰ።

በሳምንቱ መጀመሪያ የተማሪዎቹ ጋዜጣ ፎቶዬን አወጣ። ማርከስም ጭኑ ድኖለት ልምምድ ጀመረ፤ አሠልጣኙ ግን ቦታው የኔ እንደሆነ ለሁሉም ተናገረ። ከዚያ በኋላ ምንም አላስቀምጠኝ አለ። ትምህርት ላይ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ አነባለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር እያለ እቆማለሁ። እናቴ፣ ከአረጋውያን መጦሪያው ሺፍቷ ተመልሳ፣ ያልነካሁትን ሽሮ አየችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ዮናስ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ምንም ከሆንክ እኮ ሦስት ቀንህ ነው።»

ነገርኳት። ፉትቦሉ አልገባትም፤ ሌላው ግን ገባት። «ታዲያ ሰውዬው ሲጠይቅህ የልጁን ስም ለመጥራት ምን ያዘህ?» አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት ወደ አሠልጣኙ ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «ጩኸት የሰማ ሁሉ ኳስ አይነጥቅም» አለ፣ «ቅዳሜ ትጫወታለህ።» ቀሎኝ ወጣሁ። ማታውን ግን ማርከስ ኮሪደር ላይ አቆመኝ፤ አሠልጣኙ ነግሮት ነበር።

«ማን ላከህ? ቦታዬን በምጽዋት መልስልኝ ያልኩህ መሰለህ?»

«እውነቱን መናገር ፈልጌ ነው።»

«ለማን?» አለና ጥሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ ከከተማ ውጭ ነበር የምንጫወተው። አውራ ጎዳናው ዳር የሜፕል ዛፎቹ ቀልተዋል፤ ብርዱ ገብቷል። ማርከስ ከፊት ተቀምጦ አንዴም አልዞረም። በዝናብ ተጫወትን። ገና ከመጀመሩ ተቀባዬ አታለለኝ፤ ወደ ውስጥ ሲል ተከተልኩት፣ እሱ ወደ ውጭ ዞሮ ብቻውን ነጥብ አስቆጠረ። ከተጠባባቂዎቹ መካከል የጮኸ ድምፅ የለም። መጨረሻው አካባቢ ያው ሰውዬ እንደገና መጣብኝ። ወገቡን ብቻ አየሁ። ዞረ፣ ዞርኩ፤ በጣቶቼ ጫፍ ኳሷን ነካኋትና ጭቃ ውስጥ ወደቀች። ፎቶ ያነሣ የለም። የዚያ ዓመት የራሴ ሥራ ግን እሷ ነበረች።

ስንወጣ ማርከስ በአጠገቤ አለፈ። አንድ ቃል አፌ ላይ ነበር፤ በኋላ እለዋለሁ ብዬ ተውኩት። ሲዝኑ አለቀ፣ ተመረቀ፣ ሥራ አግኝቶ ወደ ምዕራብ ሄደ ተባለ። እኔም በሁለተኛው ዓመት ጉልበቴን ተጎዳሁና ተውኩ።

ለረጅም ጊዜ ይህን ታሪክ ሳወራ፣ በመጨረሻ እውነቱን የተናገርኩ ጨዋ ልጅ እኔ ነበርኩ። አሁን ሃምሳን አልፌ ሳስበው፣ አሠልጣኙ ጋ የሄድኩት ራሴን ለማሳረፍ ነው። ማርከስ ኑዛዜዬን አልጠየቀም። የሚገባው አመሰግናለሁ የሚል አንድ ቃል ነበር፤ በዚያ ሳምንት ነገሩን ለእናቴም ለአሠልጣኙም ስናገር፣ ያንን ቃል ግን ለእሱ አላልኩትም። የቤተሰቡን ስም እንኳ በትክክል አላስታውሰውም። ሰሞኑን ስልኬ ላይ የማስታውሰውን ሁሉ እየጻፍኩ እፈልገዋለሁ፤ ብዙ ማርከስ ይወጣል፣ አንዱም እሱን አይመስልም።