ቁልቁል የምትቆም መኪና

አባቴን ስለ መኪናው ጥንካሬ የሚጠይቅ ሰው፣ የሚቸኩልበት ጉዳይ ባይኖረው ይሻለዋል። መኪናዋ የጀርመን ስሪት ናት፤ በዘመኗ ትላልቅ ሰዎች የሚሄዱባት፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት። አባቴ እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ከአንድ ኤምባሲ በጨረታ ገዛት፤ እስከ ዛሬም ከእጁ አልወጣችም። የሰፈሩ ሰው "ጀርመኗ" ይላታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ባለ ጋራዥ፣ እንደ እሷ ያሉ መኪኖች ያሏቸው ጓደኞቹ ይሰበሰባሉ። ልጅ ሆኜ አብሬው ስሄድ ወሬያቸውን እሰማ ነበር። "የእኔ ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም!" ይላል አንዱ። "የእኔም!" ይላል ሌላው፣ ግማሽ አካሉ መኪናው ስር እንደገባ። አባቴ ደግሞ የእንጦጦን ዳገት ያነሳል፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ውሃ እያፈሉ መንገድ ዳር ሲቆሙ የእሱ እንዴት እያለፈቻቸው እንደምትወጣ። ለእነሱ መኪና ማለት ሞተር ብቻ ነው። መስታወቱ አልወርድ ቢል፣ የኋላው በር ከውጭ ካልሆነ አልከፈት ቢል፣ ጣራው ዝናብ ቢያስገባ፣ ይሄ ሁሉ "ትንንሽ ነገር" ነው። በዚያ ትንሽ ነገር የተነሳ ስንት ክረምት መኪና ውስጥ ዣንጥላ ዘርግቼ እንደሄድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከትንንሾቹ ነገሮች አንዱ ሞተሪኖዋ ነበር። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል፤ መለዋወጫውም አገር ውስጥ አይገኝም። አባቴ ግን መላ አበጀለት። የምንኖረው ቁስቋም፣ ዳገቱ ላይ ነው። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማትና ጎማዋ ስር ድንጋይ ያስገባል። ጠዋት ድንጋዩን ያነሳል፣ እሷም ትንሽ ትንከባለላለች፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርገው ትነሳለች። "አየሽ? አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ሜዳ ላይ አያቆማትማ! ቦሌ የምትኖር እህቱን እንኳ የሚጠይቃት በታክሲ ነው፤ ሰፈሯ ለጥ ያለ ነው።

ላገባ ስል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "በእኔ መኪና ነው የምወስድሽ" አለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሙሽራው ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፤ ሙሽሪትን አባቷ ነው ይዟት የሚገባው። የባሌ ቤተሰቦች አዲስ መኪና ተከራይተውልኝ ነበር፤ አባቴን ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ አልፈለግኩምም። ሳምንቱን ሙሉ ሲወለውላት ከረመ።

ጥፋቱ የአበባ አስጌጦቹ ነው። እኛ ቤት ውስጥ ስንለባብስ ቁልፉን ከአጎቴ ተቀበሉ፤ ቦታው ሰፋ ይላል ብለው ድንጋዩን አንስተው አንከባለሏትና ከታች ያለው የኳስ ሜዳ ላይ አቆሟት። ቬሎዬን ሰብስቤ ከአባቴ ጋር ስወርድ ጀርመኗ በነጭ አበባ ተሸልማ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ተገትራለች። የአባቴ ፊት ልውጥ አለ። አጠገቧ የኪራዩ መኪና ተነስታ ትጠብቃለች፤ በሯን ከፍቶ የቆመው የባሌ ታላቅ ወንድም ነው።

"አባባ፣ ሰዓቱ ሄዷል፤ በዚህች ብንወስዳትስ?" አለው በትህትና።

"ሂጂ በቃ፣ እኔ እደርሳለሁ" አለኝ አባቴ። አንጀቴን በላው። የጀርመኗን በር ከፍቼ ገባሁና ቬሎዬን ጎትቼ አስገባሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሠርጉ ቪዲዮ በደንብ ይዞታል። ሚዜዎቼ ባለ ተረከዝ ጫማቸውን አወለቁ፣ አጎቶቼ ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ጣሉ፣ የባሌ ወንድም ሳይቀር ኮቱን አውልቆ መጣ። "አንድ፣ ሁለት፣ በሉ!" እኔ ውስጥ ሆኜ ከሳቄ ብዛት እንባዬ ሜካፔን አበላሸው። በመጨረሻ ጀርመኗ አጓርታ ተነሳች፤ ሰፈሩም እልል አለ።

የቤተ ክርስቲያኑም ግቢ ሜዳ ነው። ስንደርስ የሁለታችንም ዘመዶች በሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁናል። ጀርመኗ ደግሞ እግር ከነዳጁ ላይ ከተነሳ ትጠፋለች፤ ይሄም ትንሽ ነገር ነው። ከጠፋች ግን ከሥርዓቱ በኋላ በአዲሶቹ ዘመዶቻችን ሁሉ ፊት መገፋቷ ነው። አባቴ ነዳጁን እንደረገጠ ተቀመጠ። ከውስጥ መዝሙሩ ተጀመረ።

"አባዬ፣ አንተ ያዛት፤ አጎቴ ያስገባኝ?" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ከዚያ በገዛ እጁ ቁልፉን አዞረና አጠፋት።

"ትገፋ" አለ። ወርዶ በሬን ከፈተና ክንዱን ሰጠኝ።