የምጽዋ ዓሣ በኢስትሊ

ናይሮቢ ውስጥ በአስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሠርቷል። ከሁሉም የማይረሱኝ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። አማርኛን በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የተማሩት ሲሆን፣ አገሩ ለሁለት ሲሆንም አብሯቸው ኬንያ ገብቷል። አነጋገራቸው እናቴ ቤት ውስጥ ትናገረው የነበረውን ዓይነት፣ ረጋ ያለና ዛሬ ብዙም የማይሰማ አማርኛ ነበር።

አብረን የሠራነው ለዓሣ አስጋሪዎች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ በሚጋሩት በቱርካና ሐይቅ ላይ የሚያሰግሩ ሰዎች ከሁለቱም ወገን መጥተዋል። ዓላማው ዓሣው በሚራባበት ወቅት ሁሉም መረቡን እንዲሰበስብ ማስማማት ነበር። እኔና ጋሼ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች የመስታወት ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን፣ አንዳችን ሲደክመን ሌላችን እየተቀበልን እንተረጉም ነበር።

አንድ ጠዋት ከእኛ አገር የመጣ አስጋሪ ተነሳና፣ «እኛስ እሺ፣ መረባችንን ሰበሰብን። እነሱ መሰብሰባቸውን ማን ይነግረናል?» አለ።

ጋሼ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። ከወዲያ ማዶ የተቀመጠ ኬንያዊ ፈገግ ብሎ፣ «ስልክ ቁጥሬን ያዝና ደውልልኝ። ካላመንከኝ ደግሞ ና፣ እኔ ቤት ታድራለህ» ሲል መለሰለት። ይህን እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው የእኛዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሁለቱ ሰዎች ለምሳ የተቀመጡት አብረው ነው።

ከምሳ በኋላ አሰልጣኟ የሌሎች አገሮችን ልምድ በፎቶግራፍ ማሳየት ጀመረች። ተራው የጋሼ ነበር። አንድ የቀይ ባሕር ዳርቻ መጣ፤ ነጭ የጨው ክምር፣ የእንጨት ጀልባዎች፣ ከኋላቸው ቅስት በረንዳ ያላቸው ያረጁ ቤቶች። ጋሼ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ አቆሙት። ዞር ብዬ ሳያቸው አፋቸው እንደተከፈተ ነው፣ ድምፅ ግን የለም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወደኛ መዞር ሲጀምሩ የራሴን ማይክ ከፍቼ ካቆሙበት ቀጠልኩ።

በሻይ ሰዓት፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ ሥራ አበዛሁብሽ» አሉኝ።

«ምን ነካዎት ጋሼ?»

«ያ ምጽዋ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት።»

«እኔም እዚያ ነው የተወለድኩት» አልኳቸው።

የያዙትን ሻይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አንቺ? እንዴት ሆኖ?»

አባቴ ወደቡ ላይ መካኒክ እንደነበረ፣ ጥዋለት በምትባለው የምጽዋ ደሴት እንኖር እንደነበር፣ ጦርነቱ ሲቃረብ እናቴ እኔን ይዛ አዲስ አበባ እንደገባች ነገርኳቸው። አባቴ ይከተለናል ተብሎ እዚያው ቀረ። ይህን ለብዙ ሰው አላወራም። ምጽዋ ናፈቀችኝ ያልኩ እንደሆነ ሰው ወዲያው ስለ ወደብና ስለ ፖለቲካ ያነሳብኛል። እኔ ግን የምናፍቀው በሙቀቱ ምክንያት ደጅ አውጥተን የምንተኛበትን አልጋ ነው። ከንፈሬን ስልሰው የሚሰማኝን ጨው ነው።

ጋሼ ስለ ፖለቲካ ትንፍሽ አላሉም። «የጥዋለት ልጅ ከሆንሽ እስቲ ንገሪኝ፣ ዓሣ እንዴት ነበር የምትበሉት?» አሉ።

«ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ...»

«እንደ ጉድጓድ ባለ ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ» ብለው ጨረሱልኝ።

ስልጠናው እንዳለቀ ኢስትሊ ወደሚባለው የናይሮቢ የገበያ ሰፈር ወሰዱኝ። የተሳፈርንበት ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ካወረደን በኋላ በጨርቅ ነጋዴዎችና በጋሪ ገፊዎች መሀል እየተሽሎከለክን አንዲት የየመኖች ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጁ በስዋሂሊ «ካሪቡ ምዜ»፣ እንኳን ደህና መጡ አባት፣ ብሎ የተለመደ ቦታቸው ላይ አስቀመጣቸው። ዓሣው ቆዳው ጠቁሮ፣ እንደ ትሪ ከሰፋ ስስ ቂጣ ጋር መጣ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደዋጥኩ፣ አባቴ እሾኹን እየለቀመ ዓሣውን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ታየኝ። ፊቱን ለማስታወስ ስንት ዘመን ታግያለሁ። የመጡልኝ ግን ጣቶቹ ናቸው፤ ግራሶ የገባባቸው ጥፍሮቹ ሳይቀሩ። መብላቴን አቁሜ እጄን አየሁ።

ጋሼ ሳህኑን ወደኔ አስጠጉና፣ «እንዴት ነው?» አሉ።

«ልክ እንደዚያው ነው።»

«አይደለም» አሉ እየሳቁ። «ግን ይቀርባል። ለዚህ ነው የምመላለሰው።»

«ባሕር እኮ ሞምባሳ አለ ጋሼ። ለምን ሄደው አያዩም?»

«ባለቤቴን ለማን ትቼ? ስኳሩ አድክሟታል።» ቂጣውን ቆረስ አደረጉና፣ «ደግሞ ባሕር ካየሁ መርከብ መፈለግ የምጀምር ይመስለኛል» አሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እነዚያኑ አስጋሪዎች ዓሣ እንዴት ሳይበላሽ እንደሚቀመጥ ለማሳየት ወደ ሞምባሳ ወሰዷቸው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ጋሼ ተጠይቀው አልመጡም። አስጋሪዎቹ የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤቱ ውስጥ አስጎብኚያቸውን ሲጠብቁ፣ እረፍት አገኘሁና ወደ ውኃው ወርጄ ደወልኩላቸው።

«ባሕሩ ፊት ለፊት ቆሜአለሁ» አልኳቸው።

 «ነፋሱ ከየት በኩል ነው?» አሉ።

«እኔ እንጃ። ቀኝ ጉንጬን ነው የሚመታኝ።»

«ፊትሽን ወደ ባሕሩ አዙረሽ ነው አይደል የቆምሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ከደቡብ ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደኛ ባሕር ነው የሚሄደው» አሉ።

«ወደኛ» ሲሉ እኔንም ጨምረው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ስልኩን ሁለታችንም አልዘጋነውም። እሳቸው በዚያ፣ እኔ በዚህ ነፋሱን እያዳመጥን ቆየን፤ አስጋሪዎቹ በሩ ላይ ወጥተው «እህታችን፣ ነይ እንጂ! ሰውዬው የሚለው አልገባንም» ብለው እስኪጣሩ ድረስ።