የረጠበ ሞተርና ረጅም ሰላምታ

ከደብረ ብርሃን በምወጣበት ዋዜማ ማታ እናቴ ሁለት ጋቢ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች። አንዱን አውጥቼ አልጋ ላይ ስተወው መልሳ ከተተችው። «አርባ ምንጭ ይሞቃል ይባላል እኮ» ብላት፣ «የተባለውን ሁሉ አትመኚ፤ ሰው በማያውቀው አገር ይበርደዋል» አለችኝ። አባቴ የሻንጣውን እጀታ ሦስት ጊዜ ፈትሾ ተኛ።

አውቶቡሱ ምዕራብ ዓባያ የምትባለውን ከተማ ሲያልፍ የዓባያን ሐይቅ በግራ በኩል አየሁት። ሐይቅ ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር። ይሄ ግን ሸክላ የተበጠበጠበት ይመስል ቀልቶ፣ እስከ ተራሮቹ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አርባ ምንጭ ስንወርድ ደግሞ አየሩ ከድስት እንደሚወጣ እንፋሎት ፊቴ ላይ አረፈ።

አከራዬ ሻንጣዬን ለማገዝ አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«ምንድን ነው እንዲህ የከበደው?»

«ጋቢ ነው እትዬ።»

«ስንት?»

«ሁለት።»

«እኔ አንሶላም አልለብስም» አሉ። «ብርድ ከናፈቀሽ ጨንቻ ውጪ፣ ተራራው ላይ ነው። እዚህ ግቢ ግን ብርድ የለም፤ ውሃም በተራ ነው።»

የመጀመሪያ ዓመት የአውቶሞቲቭ ተማሪ ነኝ። ኮሌጁ ለተግባር ልምምድ የላከኝ ጋሽ ኦይቻ የሚባሉ የጋሞ ሰው ጋራዥ ነው። እዚያ መቆየቴን የሚወስነው እሳቸው ስለ እኔ የሚጽፉት ወረቀት ስለሆነ፣ ከማንም ቀድሜ ገብቼ መፍቻዎቹን በቁመታቸው እደረድር ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አቶ ማርቆስ የተባሉ የሙዝ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተር ተራ ደረሰ። ሲሊንደሮቹ አዲስ አበባ በማሽን ተስተካክለው ብሎኩ፣ ሲሊንደሮቹን የያዘው ትልቁ የሞተሩ አካል፣ ተመልሷል። እስኪገጠም ድረስ ሙዛቸው ያለ ውሃ ቆሟል።

«በሳሙናና በፍል ውሃ እጠቢው» አሉኝ ጋሽ ኦይቻ። «ማሽኑ የተወው የብረት ዱቄት ትንሽ እንኳ ከቀረ ፒስተኑን የሚከበውን አዲሱን የብረት ቀለበት፣ ፋሻውን፣ ይበላዋል። ስታበቂ ወዲያው ጥሪኝ።» አየር የሚነፋውን ኮምፕሬሰር ሊያስነሱ ወደ ጓሮ ሄዱ።

«ወዲያው» የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ግን አልፈራሁትም። ደብረ ብርሃን አባቴ የወፍጮ ቤታችንን ብረት አጥቦ ነፋስ ላይ ያስቀምጥና ምሳውን በልቶ ይመለሳል፤ ብረቱ እንደነበረ ይጠብቀዋል። እኔም በጥንቃቄ አጠብኩ፣ አለቀለቅኩ፣ በባዶ እጄም ዳበስኩት። እንዴት ያምር ነበር! ግራጫ፣ ንጹሕ፣ ገና እንደተወለደ።

ልጠራቸው ስነሳ አቶ ማርቆስ ገቡ።

እኛ ጋ ሽማግሌ ሲገባ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። እጄ እርጥብ ስለሆነ ክንዴን ዘርግቼ ጎንበስ አልኩ። እንደምን አሉ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ? እሳቸውም ሰላምታ የሚያውቁ ሰው ናቸው። አባቴን ጠየቁኝ፣ እናቴን ጠየቁኝ፣ የአገሬን ዝናብ ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። «ሙዙስ?» ስላቸው ግን ከትከሻዬ በላይ አሻግረው እያዩ ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ «ሞተሬ ሲመጣም እንዲህ ቀይ ነበር?»

ዞርኩ። ብሎኩ በቀጭን ወንፊት በርበሬ የተነፋበት ይመስላል። የዳበስኩበት ቦታ ላይ አምስቱ ጣቶቼ ከሌላው ጠቆር ብለው ታትመዋል። ብረት የሚዝገው በዓመታት ነው ብዬ የማምን ልጅ፣ አንድ ሰላምታ እስኪያልቅ ሲዝግ አየሁ። መደንገጥ ሲገባኝ ቆሜ ተደነቅሁ። የማይታይ ነገር፣ የምተነፍሰው አየር፣ ብረት እየበላ ነበር።

ጋሽ ኦይቻ ከጓሮ መጥተው ብሎኩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ሰላምታው አለቀ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከብቶቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው ጋሼ።»

«እንግዲያው የታመመው ብረቱ ብቻ ነው።»

«ተበላሸ እንዴ?» አሉ አቶ ማርቆስ፤ ድምፃቸው ቀጠነ።

ጋሽ ኦይቻ በጥፍራቸው ጫሩት። «ገና ላዩን ነው። እስከ ማታ ቢቆይ ግን ይቦረቡረው ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስታጥቢው ዘይቱን ሁሉ ገፍፈሽ ራቁቱን አስቀረሽው። ዙሪያችን ደግሞ ሁለት ሐይቅ አለ፤ እዚህ አየሩም ውሃ ነው። በባዶ እጅ አይነካም፤ ላብ ጨው አለው።»

ዝገቱን በዘይት በራሰ ለስላሳ መፈግፈጊያ አሽተን አስለቀቅን። እንደገና በሳሙና፣ ከዚያ በሚንተከተክ ውሃ። አቶ ማርቆስ ራሳቸው ባልዲውን ያዙ። ብረቱ ከመጋሉ የተነሳ ውሃው በራሱ ጊዜ ተንኖ ይነሳ ነበር። ጋሽ ኦይቻ በኮምፕሬሰሩ አየር እያንዳንዱን የብሎን ቀዳዳና የዘይት መንገድ ሲነፉ፣ እኔ ጓንት አጥልቄ፣ ነጭ ጨርቅ በንጹሕ ዘይት ነክሬ ከኋላ ከኋላቸው ሲሊንደሮቹን ቀባሁ። ስልኬ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ጮኸ። አላየሁትም። ጨርቁ ሳይቆሽሽ እስኪወጣ ድረስ እየቀያየርኩ ጠረግሁ፤ ከዚያ በላስቲክ ጠቀለልነው።

በማግስቱ ጠዋት ላስቲኩን ስገልጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ብረቱ ያበራል።

«ፋሻውን አንቺ ታስገቢያለሽ» አሉኝ ጋሽ ኦይቻ፤ ስለ ወረቀቱ ምንም አላሉም። አቶ ማርቆስ ደግሞ ከበር ላይ ሆነው በአገጫቸው ብቻ ሰላም አሉኝ፤ ሥራዬን እንዳላቆም።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ትናንት አላነሳሽም» አለች።

«ብረት እያደረቅሁ ነበር እማዬ።»

«ብረት ከእናት ይበልጣል?»

«እርጥብ ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ ይበልጣል።»

 ከዚያ ለገና እመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የአቶ ማርቆስ ሞተር ተነስቶ ውሃ ሲስብ ማየት እፈልጋለሁ፤ ቤቴንም እፈልጋለሁ፤ የቱን ልበላት?

«እማዬ፣ ስልኩን ይዘሽ ወደ ደጅ ውጪ።»

«ምን ሆነሻል?»

«የደጃችንን ነፋስ ልስማው።»

 በሩን ስትከፍት ሰማኋት።