በዝናቡ ዋዜማ የተደፈነው ጉድጓድ

በሥራ ዘመኔ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። የጻፍኩት ሪፖርት ለእርማት ተመልሶልኝ አያውቅም፤ ይህን ስናገር ዛሬም ደስ ይለኛል። አብዝቶ የሚቆጨኝም ከእነዚያው ሪፖርቶች አንዱ ነው።

ወሩ ሰኔ ነበር። ከላሊበላ ወጣ ብሎ የሚገኝ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ያልደረሱትን የኦ ክፍል ሕፃናት ልጎበኝ ብገባ ክፍሉ ባዶ ነው። ሁሉም ከክፍሉ ጀርባ ተኮልኩለው በማንኪያና በገል መሬት ይፍቃሉ። ወጣቷ መምህርት ሕፃናቱ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን እየፈለፈሉ መሆኑን አስረዳችኝ። በየሰንበቱ እንደሚያዩት ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ከጣራው ጀምረው ወደ ታች ወርደዋል፤ በሩን በቀይ አፈር ቀብተዋል፤ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ አውጥተዋል። ውኃ በጀሪካን ከሩቅ ስለሚቀዳ ለሙከራ የሚፈስ የለም። ቦዩ መሥራቱን የሚያዩት ዝናብ ሲመጣ ነው።

አንዲት ሕፃን ኮቴን ጎተት አደረገችና «አባባ፣ ውኃው በየት ይወጣል?» አለችኝ።

አላወቅሁም። አላውቅም ማለት ደግሞ ከበደኝ። ወደ መምህርቷ ዞሬ የዕለቱን የትምህርት ዕቅድ ጠየቅኋት። ዕቅዱ ፊደል መለየት ይላል። ጉድጓዱ ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ ዛሬውኑ ይደፈን አልኩ።

«ጋሼ፣ ዝናቡ እስኪመጣ ብቻ ይታገሡን» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

አልታገሥኩም። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ እዚያው ፊቴ በአካፋ አፈር መለሰበት። ሕፃናቱ ማንኪያቸውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ፤ አንዳቸውም አላለቀሱም። በሪፖርቴ «አደገኛ ጉድጓድ እንዲደፈን ተደርጓል» ብዬ ጻፍኩ። ጥልቀቱ ከጉልበቴ እንደማይደርስ አልጻፍኩም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዘነበ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ዘንድሮ፣ መምህርቷን አንድ ሠርግ ላይ አገኘኋት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። በዚያ ቀን መሳሳቴን ነገርኳት፤ ከፈቀደችልኝም አሁን ከምታስተምራቸው ሕፃናት ጋር አብሬ ለመቆፈር እንደምመጣ ጨመርኩ።

«ይምጡ እንጂ» አለች ፈገግ ብላ። «ያቺ ኮትዎን የጎተተችው ግን ዛሬ በቁመት ትበልጥዎታለች።»

ውኃው በየት በኩል ይወጣ እንደነበር ጠየቅኋት።

«እኔም አላውቅም፤ አብረን ልናይ ነበር» አለችኝ።