ሞተሩ ያልቆመበት ቀን

እጄ ከአፌ ይቀድማል። ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ሲናደድ የሚያለቅስ ሰው አለ፣ ዝም የሚልም አለ፤ እኔ አንድ ነገር ካልሰበርኩ ንዴቱ አይወጣልኝም። የቤቴ የቆርቆሮ በር ሁለት ቦታ ጎድጉዷል፣ ሁለቱም የእርግጫዬ ነው። ባሌ ሮቤ ውስጥ የሚያውቁኝ «ጠብ ያለሽ በዳቦ» ይሉኛል። ስሜን አላጠፉም።

እንዲህ ያለ ሰው ምን አግብቶት አውሮፕላን ያበራል ትሉ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኤሌክትሪክ ላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ነገር ስፈታ እውላለሁ። ሞተሩን፣ ሪሞቱን፣ አውራ ጣት የምታክል ካሜራና መነጽሩን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ አካሉን ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ቆርጬ በሙጫ ሠራሁት። ካሜራው አውሮፕላኑ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያየውን በአየር ወደ መነጽሩ ይልካል። መነጽሩ ዓይንህን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። እግርህ ማሳ ላይ ቆሟል፣ አንተ ግን ላይ ነህ፤ የሲናና ወረዳ ስንዴ ከሥርህ ሲሮጥ ታያለህ። መጀመሪያ የበረርኩ ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። ያን ቀን ማንንም አልተቆጣሁም።

ነገር ግን መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ዕውር ነው። ከኋላው በሬ ቢመጣ፣ ከፊቱ ሰው ቢሻገር አያይም። ስለዚህ አጠገቡ በባዶ ዓይኑ ሰማዩንና ሜዳውን የሚጠብቅለት ሰው መኖር አለበት። ይህ ሰው «አውርድ» ካለ ይወረዳል፣ ክርክር የለም። የእኔ ጠባቂ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሪ ነጂ ነው፤ የሮቤን መንገድ ከእነጉድጓዱ ያውቀዋል። ያለው ዓይን አንድ ነው። ግራው የለም።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ያደግነው ጎባ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ እሱ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። የገና ዕለት ከሰዓት፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ዱላውን ይዞ ሜዳ ወጣ። ወንድሜ ሩሯን፣ የገናዋን ኳስ፣ ሁለት ጊዜ በእግሮቼ መሀል አሳልፎ ወሰዳት፣ ሰዉም ሳቀብኝ። በሦስተኛው ደሜ ፈላ። ዱላዬን አነሳሁ። ሩሯ አልፋ ነበር፤ ማለፏን በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሆንም አወረድኩት። ድምፁ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ነበር። ወንድሜ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ በጣቶቹ መሀል ደም ፈሰሰ፣ ከደሙ ጋር ሌላም ነገር ፈሰሰ።

ሰዉ ምን አለ? «በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ።» ደንቡ ነው። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢፈነክት አይቆጡትም። እናታችንም ማታ ነጠላዋን ዓይኑ ላይ ይዛ ያንኑ አለች፣ ከዚያ በኋላ እቤታችን ውስጥ ነገሩ ተነስቶ አያውቅም። እሱም አላነሳውም። አንድ ቀን እንኳን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በእኛ ቤት ተገልብጦ የተወጋው የረሳ መሰለ፣ የወጋሁት እኔ ተቃጠልኩ። ቢሰድበኝ፣ ቢፈነክተኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ዝም ባለኝ ቁጥር እኔ ሌላ ሰው እደበድብ ነበር። እናታችን ካረፈች በኋላ ሮቤ ውስጥ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ከዚያ የገና ቀን ወዲህ ሃያ ዓመት አልፎናል፣ ዝምታው እዚያው ነው።

ወደ አውሮፕላኑ ልመለስ። የመጀመሪያው ሕግ፣ ጠረጴዛ ላይ ስትሠራ ፕሮፔለሩን አውልቅ ይላል። ማን ይሰማል? አንድ ቅዳሜ ሳላወልቅ ባትሪውን ሰካሁት፣ የሪሞቱ እጀታ ወደ ላይ ተገፍቶ ኖሮ ሞተሩ ጓ ብሎ ተነሳ። አውራ ጣቴን እስከ ጥፍሬ ሥር ከፈተው። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ፣ ጠረጴዛውን በእርግጫ ገለበጥኩት። ወንድሜ ገብቶ ጣቴን በጨርቅ ጠመጠመና «ሱታ፣ ሱታ» አለኝ። በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው፤ ለፈረሱም ለእኔም የሚናገረው እሱኑ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጎቹን ሁሉ አስነግሮኝ በቃሉ ያዛቸው። ሳንነሳ ክንፎቹ ለሪሞቱ በትክክል ይታዘዙ እንደሆነ ያያል። ባትሪዎቹ መሙላታቸውን ይጠይቃል፤ የአውሮፕላኑም፣ የመነጽሩም፣ የሪሞቱም። ከሁሉ በላይ አንዷን ነገር አይለቅም፣ «አጥፋና እንይ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሞቱና አውሮፕላኑ በአንድ ሲግናል ይገናኛሉ፣ ካሜራውና መነጽሩ በሌላ። የሪሞቱ ሲግናል ቢቋረጥ ሞተሩ ምን ያድርግ የሚለውን አስቀድመህ ትነግረዋለህ። ትክክሉ «ቁም» ነው፤ ሞተሩ ይቆማል፣ አውሮፕላኑ ይወድቃል፣ የሚሰበረው ፎም ነው። ለማረጋገጥ አንዱ አውሮፕላኑን ከኋላ አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ሪሞቱን ያጠፋል፣ ሞተሩ ከቆመ ትበራለህ። እኔ ግን ባሕር ዛፍ ጀርባ ሲግናል ለቅጽበት እየተቆረጠ ሁለት ጊዜ ስለወደቀብኝ፣ ተናድጄ «ባለህበት ቀጥል» ወደሚለው ቀየርኩት። ለወንድሜ አልነገርኩትም።

ፕሮፔለሩንም ቀይሬዋለሁ። የእኛ አገር አየር ስስ ነው፤ ቆላ ላይ የሚያነሳ ፕሮፔለር እዚህ አያነሳም፣ ስለዚህ ረዘም ያለ ገጠምኩ። ረዘም ካለ መቁረጡም ይብሳል።

ያ ቀን ኮምባይነሮቹ ስንዴውን አጭደው የወጡበት ሰሞን ነበር። ሜዳው እስከ ተራራው ድረስ ባዶ ነው። ፈቃዱን በወረቀት አውጥቻለሁ፤ ወንድሜ ግን ወረቀት አይበቃውም። በዚህ ዘመን ከላይ የሚያጓራ ነገር የማያስደነግጠው ሰው የለም፣ ስለዚህ በየቤቱ እየዞረ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ይህ የወንድሜ መጫወቻ ነው፣ አትፍሩ ይላል። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩንና «ነመ ሂን ሚዺና» አሉን። ሰው እንዳትጎዱ ማለታቸው ነው። ወንድሜ «እሺ አባ» ብሎ ጎንበስ አለ።

ጋሪውን ማሳው ዳር አቆመው፣ ፈረሱ እንደተጠመደ ነው። አለንጋውን እንደ ልማዱ እጁ ላይ ጠመጠመ። ከዚያ «አጥፋና እንይ» አለኝ።

«ዛሬ አያስፈልግም» አልኩት።

«ለምን?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። አታስተምረኝ።»

ዝም አለ። ያቺ ዝምታው። ከማለዳ ጀምሮ መብራት ስለጠፋ የሪሞቱ ባትሪ አለመሙላቱንም አልነገርኩትም። መነጽሬን አጠለቅኩ፣ አውሮፕላኑን ወርውሬ አስነሳሁት።

ብዙም ሳልርቅ ጭልፊት መጣብኝ። ባሌ ላይ ሰማዩ የእነሱ ነው። መነጽሬ ውስጥ ጥፍሩን ዘርግቶ ሲወርድ አየሁት፣ ክንፌን ቧጥጦ አለፈ። ዞሬ ተከተልኩት። «ተወው» አለ ወንድሜ ከጎኔ። አልተውኩትም። ጭልፊቱ ተመለሰ፣ እኔም ተመለስኩ፣ ሁለታችንም አልሸሸንም። ምስሉ ተናወጠ፣ ላባ ብን አለ፣ ወፉ እየተሽከረከረ ሲወድቅ አየሁት። ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ያን ጊዜ ግን ደስ ብሎኛል።

ሪሞቱ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ባትሪው አልቋል ማለቱ ነው።

«እየጮኸ ነው፤ አውርደው» አለ ወንድሜ።

«ዝም በል።»

«አውርድ ብዬሃለሁ።»

ደሜ ፈላ። አውሮፕላኑን አዞርኩትና ወደ እኛ ዝቅ አድርጌ ለቀቅኩት። ላስደነግጠው ነው። አጠገቡ ሲደርስ ሽቅብ አነሳዋለሁ፣ ይጎነበሳል፣ ከዚያ በኋላ አያዝዘኝም። መነጽሬ ውስጥ ጋሪው ታየኝ፣ ፈረሱ ታየኝ፣ ከፈረሱ ፊት ወንድሜ፣ ከአጠገቡ ደግሞ መነጽር ያጠለቀ አንድ ሞኝ፣ እኔ ራሴ። እጀታውን ሳብኩ። አልተነሳም። ጢጥታው ቆሟል፤ ሪሞቱ ሞቷል። ሞተሩ ግን እኔ እንደነገርኩት ባለበት ቀጠለ፣ ካሜራውም አልጠፋም።

ሁሉንም አየሁት። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዳያይ እለምናለሁ። የወንድሜ ፊት እያደገ መጣ። ዘወር ማለት ይችል ነበር፤ ዘወር ቢል ግን ኋላው ፈረሱ አለ፣ የሚበር ነገር ደረቱ ላይ ቢገባ ፈረሱ ጋሪውን ይዞ ይፈነጫል፣ አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ ዕውሩ። አልዞረም። አለንጋው ሲነሳ አየሁ፣ ያቺ አንድ ዓይኑ ስትተልቅ አየሁ፣ ምስሉ ነጭ ሆነ።

መነጽሩን ገንጥዬ ጣልኩት። አውሮፕላኑ ለሁለት ተሰብሮ መሬት ላይ ይንደፋደፋል፣ ሞተሩ አሁንም አፈር ይቆፍራል። ወንድሜ በጉልበቱ ተንበርክኳል። ደም በጣቶቹ መሀል። ልክ እንደዚያ ቀን፣ በእኔው እጅ፣ በሌላኛው ዓይኑ በኩል።

«አላይም» አለ።

ወደ ጋሪው ሮጥኩ። ከጋሪው ላይ የውሃ ጀሪካኑን አውርጄ ፊቱ ላይ ደፋሁት። ደሙ ታጠበ፣ እንደገና ሞላ፣ እንደገና ደፋሁ። ፕሮፔለሩ ቅንድቡን እስከ አጥንት ከፍቶታል። «እኔን፣ እኔን» እላለሁ፣ ሌላ ቃል አልነበረኝም። የዓይኑን ቆብ በጣቴ ገለጥኩት። ዓይኑ ተከፈተ፣ ተርገበገበ፣ ዞረ፣ እኔ ላይ ቆመ።

«ታየኛለህ ጋሼ?»

«አየሁህ» አለ፣ ተነሳ፣ አለንጋው ወረደብኝ።

ጀርባዬን፣ ትከሻዬን፣ ጭኔን። አልሮጥኩም፣ እጄንም አላነሳሁም። እሱ ደሙ እየወረደ ይመታል፣ ፈረሱ ይደናበራል፣ ሽማግሌው ከሩቅ እየጮኹ ይመጣሉ። በመጨረሻ ትንፋሹ ሲያጥረው ቆመና «ዛሬ የገና ጨዋታ አይደለም» አለኝ።

ቅንድቡ ተሰፋ። ጀርባዬ ለመዳን ከሱ ቅንድብ በላይ ጊዜ ወሰደ። ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ሰላምታ እንኳን የለም፣ እኔም ስብርባሪውን በጆንያ አድርጌ ጣራ ሥር ወረወርኩት። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ቆመ። «ሠራኸው?» አለኝ። አልሠራሁትም፣ አልሠራውምም አልኩት። «ሥራው» አለና ፈረሱን ሊጠምድ ሄደ።

ሠራሁት። ባትሪዎቹን ሁሉ ሞላሁ። «ቀጥል» የሚለውን «ቁም» አደረግሁት፣ አሥር ጊዜ አየሁት። እሑድ እዚያው ማሳ ሄድን፣ ጋሪውን በጣም አርቆ አቆመው። ሪሞቱን ከእጄ ወሰደ። «ያዘው» አለ። አውሮፕላኑን ከኋላ በሁለት እጄ ያዝኩ፣ ሞተሩን አስነሳው፣ ፕሮፔለሩ አየሩን መቅደድ ጀመረ። ከዚያ ዞሮ ከፊቱ ቆመ፣ ሦስት እርምጃ ላይ።

«ከፊቱ ዞር በል» አልኩት። «ጋሼ፣ ዞር በል።»

«አጥብቀህ ያዝ።»

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት፤ ሃያ ዓመት ሆዴ ውስጥ የበሰበሰውን። «ያን ቀን ጎባ፣ ሩሯ አልፋ ነበር። አይቻታለሁ። አውቄ ነው የመታሁህ።»

«አውቃለሁ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ግን ሰማሁት። «በዚያች ዓይኔ መጨረሻ ያየሁት ያንተን ፊት ነው።»

ሪሞቱን አጠፋው።

ሲግናል መቋረጡን አውሮፕላኑ እስኪያውቅ አንድ ሰከንድ ይወስድበታል። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። ያችን ሰከንድ ክንፉን ደረቴ ላይ አጣብቄ ያዝኩ፣ እየጎተተኝ፣ ፎሙ በጣቶቼ ሥር እየተሰበረ። ወንድሜ ዓይኑን አልጨፈነም። ሞተሩ ቆመ።

መጥቶ ሪሞቱን ሰጠኝ። እንደ ወትሮው በግራዬ በኩል ዞሮ ቆመ፣ ደህናዋ ዓይኑ በእኔ በኩል እንድትሆን። «በል አስነሳው» አለ።

መነጽሬን አጠለቅኩ።