መጫኛ የማይፈልገው ፉርጎ

ትናንት ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ኮንቴነር ከመኪና አውርደው ለሱቅ ሲያስቀምጡ ቆሜ አየሁ። ማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ሳይ አባቴ ትዝ አሉኝና ፈዝዤ ቀረሁ። «እማማ፣ ዞር ይበሉ!» አለኝ አንዱ። እማማ መባሉን ገና አልለመድኩትም።

አባቴ በቅሎ ጭነው የሚነግዱ ሰው ነበሩ። በቆዳ መጫኛቸው ጠፍረው ያሰሩት ጭነት እስቴ ይሂድ ሐሙሲት ወድቆ አያውቅም። ከጭነታቸው ተለይተውም አያድሩም። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት፣ እኔ ኮረዳ ሳለሁ፣ በቅሎዎቹን ሁሉ ሸጠው ጋፋት ላለው መንደራችን የወፍጮ ሞተር ከጅቡቲ አስመጡ። ያ ሞተር አንድ ነገር ቢሆን ባዶ እጃችንን መቅረታችን ነው። ድሬዳዋ ደርሷል ሲባል፣ ማንበብ ስለምችል እኔን አስከትለው ሄዱ። ስንቃችን ዳቦ ቆሎ ነበር፤ መጫኛውንም ይዘውት መጡ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ!

ከደጋ ወጥቶ ድሬ መግባት ምድጃ ውስጥ መግባት ነው። ሞተራችን ያለበት ኮንቴነር ግድግዳም ወለልም በሌለው፣ የብረት አጥንት ብቻ በሆነ የባቡር ፉርጎ ላይ ተቀምጦ ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ ነው። ገመድ የለ፣ ሰንሰለት የለ። አባቴ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄን ማን አሰርኩ ይላል?» ብለው መጫኛቸውን ፈተው ፉርጎው ላይ ወጡ።

አንድ ወፍራም የጣቢያ ሠራተኛ ሳቀ። «ወርያ! አንተ ሽማግሌ፣ ግመል መሰለህ እንዴ? ውረድ!»

ደሜ ፈላ። እኛ አገር ጢሙ የሸበተን ሰው «አንተ» ማለት በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። «ማንን ነው አንተ የምትለው?» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ግራ ገባው። ድሬዎች ንጉሥም ቢመጣ አንተ እንደሚሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

«ና አባባ፣ ላሳይህ» ብሎ በፍቅር እጃቸውን ያዘ። ከፉርጎው የወጣ ብረት የኮንቴነሩ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ፣ ሲያዞሩት ይቆልፋል፤ በአራቱም ማዕዘን እንዲሁ። አባቴ ኮንቴነሩን በሁለት እጃቸው ገፉት። ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ፣ ይውረዱ በቃ፤ አይወድቅም» አልኳቸው።

«እኔስ ታዲያ ምን ልሥራ?» አሉኝ።

ባቡሩ ሲነሳ፣ ለበቅሎዎቻቸው ይሉ እንደነበረው «አላህ ያድርስህ» አሉት። እኛ በአውቶቡስ ተከተልን። መንገዱን ሙሉ ዳቦ ቆሎውን አልቀመሱም።

ሞተሩ ጭረት ሳይነካው ጋፋት ገባ። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። አባቴ ግን ዳር ሄደው ብቻቸውን ተቀመጡ። አንጀቴን በሉት፣ ምን እንዳስከፋቸው ግን አልገባኝም።

ዛሬ ልጆቼ ሱቄንም ቤቴንም ቀጥ አድርገው ይዘውታል። «እማዬ፣ እርስዎ ይረፉ» ይሉኛል። አልሐምዱሊላህ፣ ግን ማረፉ እንዴት ይከብዳል! አባቴ ያን ቀን የፈሩት የጭነቱን መውደቅ ብቻ አልነበረም፤ ያለ እሳቸው በሰላም መድረሱንም ጭምር ነበር።